የበረዶ ተራራ የከበበው የሮን ሸለቆ ለምን ደረቅ ሆነ? ወንዙስ ለምን ቀጥ አለ?

የወንጂ ልጅ (አዳማ)

ሰላም ለሁላችሁ። ታናሽ ወንድሜ ለትምህርት ስዊዘርላንድ ከሄደ ስድስት ወር ሆነው። ያለው ቫሌ በሚባለው ካንቶን (እንደኛ ክልል ማለት ነው)፣ ሲዮን የምትባል ከተማ ውስጥ ነው። ባለፈው ሳምንት ፎቶ ላከልኝ። እኔ ስዊዘርላንድ ሲባል የሚታየኝ አረንጓዴ መስክና ላም ነበር። ፎቶው ላይ ያለው ግን ሌላ አገር ነው የሚመስለው። ከላይ በረዶ የጫነ ተራራ አለ፤ ከታች ያለው ኮረብታ ግን ቢጫና ድንጋያማ ነው፣ ቁልቋል ሳይቀር በቅሎበታል። የመተሃራን መንገድ ነው ያስታወሰኝ። ዳገቱ ላይ በድንጋይ እርከን የተያዘ የወይን እርሻ እስከ ላይ ድረስ ተደርድሯል፣ በመሃል ደግሞ ሮን የሚሉት ወንዝ በማስመሪያ የተሰመረ ይመስል ቀጥ ብሎ ይሄዳል።

አባቴ ዕድሜውን በሙሉ የወንጂ አገዳ መስኖ ላይ ነው የሠራው። ፎቶውን ሳሳየው መነጽሩን አድርጎ ብዙ ጊዜ አየውና «ይሄ ወንዝ የሰው እጅ አለበት» አለኝ። ጥያቄዬ ሁለት ነው። በዚያ ሁሉ በረዶ መካከል ያለ ሸለቆ እንዴት ይደርቃል? ወንዙንስ ማን አቀናው? የምታውቁ ብትነግሩኝ ለአባቴ አነብለታለሁ።

መምህር ዘ ጂኦግራፊ (አዳማ)

ጥሩ ጥያቄ ነው ልጄ። የወንዙን መንገድ ላስቀድም። ሮን የሚነሳው ፉርካ ከሚባለው የተራራ መተላለፊያ አጠገብ፣ በስሙ ከሚጠራው የበረዶ ግግር ሥር ነው። ቦታው ከባሕር ጠለል በላይ 2,200 ሜትር አካባቢ ይሆናል። ከዚያ ወደ ደቡብ ምዕራብ ይወርድና ማርቲኒ ከተማ ሲደርስ በድንገት ወደ ሰሜን ምዕራብ ታጥፎ ጄኔቫ ሐይቅ ይገባል። የሐይቁ ከፍታ 372 ሜትር ብቻ ነው። ከሐይቁ ሲወጣ ፈረንሳይን ይዞ ሜዲትራኒያን ባሕር ይደርሳል፤ ጠቅላላ ርዝመቱ 812 ኪሎ ሜትር ነው። አዋሽ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ባሕር ሳያይ አቤ ሐይቅ ላይ ይቀራል፣ ሮን ግን በአጭሩ ይደርሳል።

ድርቀቱን ያመጡት ተራሮቹ ራሳቸው ናቸው። ሸለቆውን በሰሜን የበርን አልፕስ፣ በደቡብ የፔኒን አልፕስ ዘግተውታል፣ ሁለቱም ዘንድ ከ4,000 ሜትር ያለፉ ጫፎች አሉ። ደመና በሰሜንም መጣ በደቡብ ዝናቡን ተራራው ላይ አራግፎ ነው የሚሻገረው። ክፍል ውስጥ የዝናብ ጥላ ብለን የምናስተምረው ይህንን ነው። በዚያ ላይ ፈን የሚባል ነፋስ አለ፤ ከተራራው ማዶ ወደ ሸለቆው ሲወርድ እየሞቀና እየደረቀ ይመጣል። ሲዮን በዓመት የምታገኘው ዝናብ 600 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፣ ከአዳማ ያንሳል ማለት ነው። ስለዚህ መተሃራ ትዝ ማለቱ አይገርምም።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ተማሪዎቼ ሁልጊዜ የሚወዱት ነውና። የእኛ ስምጥ ሸለቆ መሬት እየተሰነጠቀ ሲለያይ የወረደ ነው። አልፕስ ግን የተነሳው ከአፍሪካ በኩል የመጣው የመሬት ቅርፊት አውሮፓን ስለገፋው ነው። በዚያው ካንቶን ያለውን ማተርሆርንን ታውቀዋለህ፣ እንደ ጦር የቆመው ተራራ። የላይኛው ዓለቱ ከዚያ ከደቡቡ ቅርፊት የመጣ ነው ይላሉ ጂኦሎጂስቶች። ከዚያ በኋላ በበረዶ ዘመን ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ውፍረት የነበረው ግግር ሸለቆውን ጠርቦ አሰፋው። አሁን ሜዳ መስሎ የሚታየው ወለል ግግሩ የተወው ጉድጓድ በደለል ተሞልቶ ነው፤ የደለሉ ጥልቀት በመቶዎች በሚቆጠር ሜትር ይለካል።

ሐይቅ ዳር (ሐዋሳ)

እኔ እዚያ ካንቶን አራት ዓመት ኖሬ ነው ወደ ሐዋሳ የተመለስኩት፣ ስለዚህ ስለ ውሃው ልናገር። መምህር ያሉት ትክክል ነው፣ ሰውየው ከታች ዝናብ የለውም፣ ከላይ ግን በረዶ እየቀለጠ ይወርዳል። ታዲያ ምን አደረጉ መሰላችሁ? ውሃውን ከግግሩ ሥር ጠልፈው በገደል ላይ አመጡት። ቦዩን በፈረንሳይኛ ቢስ ይሉታል፣ ጀርመንኛ ተናጋሪዎቹ ዙዎነ ይሉታል (ካንቶኑ ከላይ ጀርመንኛ፣ ከታች ፈረንሳይኛ ነው)። ገደሉ ቀጥ ያለበት ቦታ ዓለቱን በስተው እንጨት ሰክተው፣ በላዩ ከሳንቃ የተሠራ ገንዳ አንጠልጥለው ውሃውን ያሳልፉታል። አንዳንዱ ቢስ ከመካከለኛው ዘመን ጀምሮ ያለ ነው። በ15ኛው ክፍለ ዘመን ከብት እርባታ ሲስፋፋ የሣር መስክ ማጠጣት ስለተፈለገ ብዙዎቹ ያኔ ተቆፈሩ። የሳክሶን ቢስ የሚባለው 32 ኪሎ ሜትር ነው።

እኔን ልቤን የነካኝ ግን መዶሻው ነው። የቦዩ ጠባቂ ገደል ለገደል ሲሄድ መዋል ስለማይችል፣ ውሃው የሚያዞራት ትንሽ መሽከርከሪያ ያደርጉና እሷ የእንጨት መዶሻ ታስመታለች። ቋ፣ ቋ፣ ቋ ይላል ቀንም ሌሊትም። ድምፁ ከቆመ ውሃው ቆሟል ማለት ነው፣ የሆነ ቦታ ተደርምሷል፤ ሰውየው ከእንቅልፉ ተነስቶ ይሮጣል። የመጀመሪያ ጊዜ ስሰማው ጫካ ውስጥ ብቻዬን ነበርኩ፣ ቆሜ ረጅም ጊዜ አዳመጥኩት።

የውሃ ተራውም በሥርዓት ነው። ማን ስንት ሰዓት እንደሚያጠጣ በእንጨት ላይ ጭረት አድርገው ይመዘግቡ ነበር። የእኛ ገበሬ የውሃ አባት መርጦ ተራ እንደሚያስከብረው ማለት ነው። ይህ ባህላዊ መስኖ በ2023 ስዊዘርላንድን ጨምሮ በሰባት የአውሮፓ አገሮች ስም በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። ወንድምህ እዚያው ስላለ አንዱን ቢስ በእግሩ ቢሄድበት ደስ ይለኛል፣ ብዙዎቹ አሁን የእግር መንገድ አላቸው።

ታሪክ ወዳድ

ስለ ታሪኩም ማለት ያለብን ብዙ ነው። ሸለቆው የአልፕስ በር ነው። ሮማውያን ገና ከክርስቶስ ልደት በፊት በ57 ማርቲኒ ላይ ሰፍረው ከአካባቢው ጎሳዎች ጋር ተዋግተዋል፣ ያኔ ኦክቶዱሩስ ነበር ስሟ። ናፖሊዮንም በ1800 ጦሩን ይዞ ወደ ጣሊያን የወረደው በዚያ ነው፣ በሲምፕሎን መተላለፊያ። ቫሌ ስዊዘርላንድን የተቀላቀለው ደግሞ በ1815 ነው፣ ከዚያ በፊት ከ1810 እስከ 1813 ለሦስት ዓመት ያህል ናፖሊዮን ወደ ፈረንሳይ ቀላቅሎት ነበር።

መምህር ዘ ጂኦግራፊ (አዳማ)

አንዷን ላርም ወዳጄ። ናፖሊዮን በግንቦት 1800 የተሻገረው በታላቁ ሴንት በርናርድ ነው፣ 2,469 ሜትር ከፍታ ላይ። ሲምፕሎንን ያየበት ዓይን ሌላ ነው፤ መድፍ የሚያልፍበት መንገድ እንዲሠራበት ያዘዘው ከዚያ በኋላ ነው። በ1906 ደግሞ በሲምፕሎን ሥር 20 ኪሎ ሜትር ሊሞላ ጥቂት የቀረው የባቡር ዋሻ ተከፈተ። የቀረው ያልከው ትክክል ነው።

ታሪክ ወዳድ

አመሰግናለሁ መምህር፣ ተቀላቅሎብኝ ነው። እንግዲያው በደንብ የማውቀውን ልንገራችሁ፣ የ1818ን ጎርፍ። ይህን ታሪክ ያነበብኩ ቀን ሌሊቱን አልተኛሁም።

ከማርቲኒ ጀርባ የባኝ ሸለቆ አለ፣ ድራንስ የሚባል ወንዝ ይወርድበታል። በ1815 ኢንዶኔዥያ ውስጥ ታምቦራ የሚባል እሳተ ገሞራ ፈንድቶ የዓለም አየር ቀዘቀዘ፣ በ1816 አውሮፓ በጋ አላየችም፣ የበረዶ ግግሮችም ወደ ታች ገፉ። ከላይ ያለው የዤትሮ ግግር እየተሰበረ ገደል ውስጥ ሲወድቅ፣ ሲከመር ወንዙን ዘጋው። በስተጀርባው ሐይቅ ሞላ። ሕዝቡ ተጨነቀ። ኢግናዝ ቬኔትስ የሚባል የካንቶኑ መሐንዲስ ተላከና ሐይቁ በቀስታ እንዲፈስ በበረዶው ውስጥ ዋሻ አስቆፈረ። ሠራተኞቹ በረዶ ከላያቸው እየወደቀ ነው የቆፈሩት። የሐይቁ ጥቂት ያልሆነ ክፍል በዋሻው ወጣ፣ ነገር ግን ውሃው በረዶውን ከሥሩ በላው። ሰኔ 16 ቀን 1818 ግድቡ ፈነዳ። የቀረው ውሃ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ወረደ፣ ቤቱንም ድልድዩንም ይዞ ማርቲኒ ገባ። 40 ያህል ሰው ሞተ። ያ ዋሻ ባይቆፈር ኖሮ ስንት እንደሚሆን አስቡት።

ነገሩ እዚህ ላይ አላበቃም። በዚያው ሸለቆ ዣን ፒየር ፔሮዳን የሚባል አዳኝ ነበር፤ ትምህርት የለውም፣ ተራራውን ግን ያውቃል። ዓለቱ ላይ ያለውን ጭረትና ያለቦታቸው የተቀመጡትን ትላልቅ ድንጋዮች አይቶ «ግግሩ ድሮ እስከ ታች ድረስ ነበር» ይል ነበር። የሰማው ሁሉ አላመነውም። ቬኔትስ ግን እየቆየ አመነው። ቬኔትስ ደግሞ ዣን ደ ሻርፓንቲዬ የሚባለውን የጨው ማዕድን ኃላፊ አሳመነ፣ እሱ በ1836 ሉዊ አጋሲ የሚባለውን ሳይንቲስት አሳመነ፣ አጋሲ በ1837 በሳይንቲስቶች ፊት ቆሞ ስለ በረዶ ዘመን ተናገረ። ዛሬ በዓለም ሁሉ የሚማሩት የበረዶ ዘመን ትምህርት አንዱ ሥሩ ከአንድ የገጠር አዳኝ አፍ የወጣ ቃል ነው። አጋሲ ነው ስሙ የገነነው፣ ፔሮዳንን ግን የሚያነሳው ጥቂት ነው። ይህ ያንገበግበኛል።

አደጋውም የድሮ ብቻ አይደለም። ግንቦት 28 ቀን 2025 በዚያው ካንቶን ብላተን የምትባል መንደር ላይ ተራራውና ግግሩ አብረው ወረዱባት። 300 የሚሆኑት ነዋሪዎች ከቀናት በፊት ስለወጡ ነው የተረፉት፤ ከመንደሩ ውጭ የነበረ አንድ ሰው ሞቷል። መንደሯ ግን አብዛኛዋ ተቀበረች፣ ወንዙም ተዘግቶ የተረፉትን ቤቶች ውሃ ዋጣቸው።

የውሃ መሐንዲስ (ሐዋሳ)

የወንዙን መቅናት ማንም ስላልመለሰ እኔ ልመልስ። አባትህ ልክ ናቸው፣ የሰው እጅ ነው።

ድሮ ሮን ሸለቆው ወለል ላይ እንደልቡ ይንከራተት ነበር። በበጋ በረዶው ሲቀልጥ ይሞላል፣ ሜዳውን ረግረግ ያደርገዋል፣ ወባ ነበረበት። አዎ፣ ስዊዘርላንድ ውስጥ ወባ። ስለዚህ ሰዉ ከሜዳው ሸሽቶ ዳገት ላይ ነበር የሚኖረው። በ1860 ትልቅ ጎርፍ መጣና ከ1863 ጀምሮ ወንዙን በሁለት የድንጋይ ክትር መካከል ቀጥ አድርገው አስገቡት፣ ሥራው 30 ዓመት ገደማ ወሰደ። በ1930 ሁለተኛውን ሥራ ጀምረው ክትሩን ከፍ አደረጉት። ረግረጉ ደረቀ፣ አፕሪኮትና አትክልት ተተከለበት፣ ከተማና ፋብሪካ ተሠራበት።

ችግሩ ወንዝ ሲጠብ ይፈጥናል፣ ውሃው ከፍ ይላል፣ ደለሉም አልጋው ላይ ይቀመጣል። የ1987፣ የ1993 እና የ2000 ጎርፎች ክትሩ እንደማይበቃ አሳዩ። ስለዚህ ሦስተኛ ሥራ ጀምረዋል፤ የዚህኛው ሐሳብ ወንዙን ማስፋት ነው። ክርክሩ አላለቀም፣ ለማስፋት የገበሬ መሬት መወሰድ አለበትና። በሰኔ 2024 ሲዬር ከተማ አካባቢ እንደገና ሞልቶ ፋብሪካና ቤት ገባ።

ይህንን ሳነብ ሁልጊዜ አዋሽ ነው የሚታየኝ። የወንጂ ሜዳም ረግረግና ወባ ነበር። ሆላንዶቹ መጥተው አገዳ ተከሉ፣ ፋብሪካው እ.ኤ.አ. በ1954 ሥራ ጀመረ፣ ቆቃ እ.ኤ.አ. በ1960 ተገደበ፣ ክትርም ተሠራ። አሁን ቆቃ በደለል እየሞላ ነው፣ አዋሽም ክረምት ሲበረታ ክትሩን ይፈትነዋል። የእኛ ሰው ክትሩ በየዓመቱ ከፍ ይበል ነው የሚለው። እኔ በበኩሌ ለወንዙ ጎን ላይ ቦታ ካልተተወለት ከፍታ ብቻ ያዋጣል ብዬ አላምንም፣ ከላይ ከተፋሰሱ የሚመጣው አፈር ካልተያዘ ደግሞ ምንም አያዋጣም።

የወንጂ ልጅ (አዳማ)

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ማታ ከቡና በኋላ በሙሉ አነበብኩለት። የውሃ መሐንዲሱ ጋ ስደርስ አስቆመኝና ድገመው አለኝ። ከዚያ እሱ ሥራ ሲጀምር የነበሩትን የክትር ቦታዎች አንድ በአንድ ጠራልኝ፣ ውሃው የትኛውን በየት በኩል እንደሰበረው ጭምር። ደብተር አምጥቼ ጻፍኩት፣ ሦስት ገጽ ሞላ።

ለወንድሜም ደውያለሁ። ቅዳሜ ከጓደኞቹ ጋር አንዱን ቢስ ሊሄድበት ነው። የመዶሻውን ድምፅ ቀድቶ እንዲልክልኝ ነግሬዋለሁ፣ አባቴ መስማት ይፈልጋል።