አፓረንት የት ልውጣ? ትንሿ ቶርኖ ቤት፣ ፋብሪካው ወይስ የአጎቴ ጋራዥ?

የሳሪሱ ልጅ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ምክራችሁን ፈልጌ ነው። 20 ዓመቴ ነው። ቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ገብቼ ማሽኒንግ (ብረት በማሽን ቆርጦ ዕቃ ማውጣት) ሌቭል 2 እየተማርኩ ነው። አሁን አፓረንት (ሥራ ቦታ ላይ ልምምድ) የምንወጣበት ጊዜ ደርሷል። ኮሌጁ ደብዳቤ ጽፎ ሰጠንና «ቦታውን ራሳችሁ ፈልጉ» አለን። ሁለት ሳምንት ሙሉ ደብዳቤዬን ይዤ ስዞር ከረምኩ። ሦስት ቦታ እሺ ብለውኛል። መምረጡ ግን ከበደኝ።

አንደኛው ቃሊቲ ያለ የፕላስቲክ ፋብሪካ ነው። የጥገና ወርክሾፕ አለው። ሲኤንሲ (በኮምፒውተር የሚታዘዝ) ማሽናቸውን በመስታወት በኩል አሳይተውኛል። ሰርቪስ አላቸው፣ ምሳ ይችላሉ፣ ትንሽ የኪስም ይሰጣሉ። ሁለተኛው መርካቶ ያለ ቶርኖ ቤት ነው። ሁለት ቶርኖ (ብረቱን እያዞረ የሚቆርጥ)፣ አንድ ፍሬዛ (መቁረጫው ራሱ እየዞረ የሚቆርጥ) እና አንድ የብየዳ ማሽን ነው ያለው። ባለቤቱ ሽማግሌ ናቸው። «የምከፍልህ የለኝም፣ ሙያ ግን አለኝ» አሉኝ። ሦስተኛው ቄራ አካባቢ ያለው የአጎቴ ጋራዥ ነው። አጎቴ «ዘመድ እያለህ ምን ያዞርሃል?» ይላል።

እናቴ እንጀራ እየሸጠች ነው የምታስተምረኝ። ምሳና ሰርቪስ ለእኛ ቤት ቀላል ነገር አይደለም። በየቀኑ ከሳሪስ መርካቶ ደርሶ መልስ ታክሲ አስቡት። እሷ ግን «ገንዘቡን ተወው፣ እጅህ የሚፍታታበት ሂድ» ትለኛለች። ባለፈው ወር የምጣዷ ረዚስታንስ ተቃጥሎ እኔ ቀየርኩላት። ያን ቀን ለጎረቤቱ ሁሉ «ልጄ ባለሙያ ሆነ» ብላ ተናገረች። እውነት እንዲሆን እፈልጋለሁ። ሲኦሲም (የሙያ ብቃት ፈተናው) ከፊቴ አለ። እጄ የቱ ጋ ነው የሚፍታታው?

መካኒኩ፦

ወንድሜ፣ የጋራዡን ነገር እኔ ልንገርህ። 11 ዓመት መካኒክ ነኝ። ማሽኒንግ እየተማርክ አፓረንት ጋራዥ አትውጣ። ጋራዥ መጥፎ ሆኖ አይደለም። ቶርኖ ከሌለው የተማርከውን አትነካውም። እኛ ራሳችን ፍላይዊል ለማስላጥ ቶርኖ ቤት ነው የምንሮጠው። አንተ የምትፈተነው ደግሞ ብረት በመቁረጥ ነው፣ ፍሪሲዮን በመቀየር አይደለም።

ሌላም ነገር አለ። በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ተከልክሏል። መንገድ ላይ ያለው መኪና ገና ብዙ ዓመት ስለሚሠራ ጋራዥ ሥራ አያጣም። ዛሬ ሀ ብሎ የሚጀምር ልጅ ግን የኤሌክትሪክ መኪና የሚያውቅ ሰው ካለበት ቢጀምር ይሻለዋል። የኤሌክትሪክ መኪናው ብርቱካናማ ገመድ ውስጥ ያለው ቮልቴጅ በመቶዎች የሚቆጠር ነው። በግምት አይነካም። አጎትህ እንዳይቀየም «ቅዳሜና እሁድ እየመጣሁ አግዝሃለሁ» በለው።

ቶርኖ 22 ዓመት፦

ታናሽ ወንድሜ፣ ጥያቄህን ሳነብ የራሴ ጊዜ ትዝ አለኝ። እኔ አፓረንት የወጣሁት ትልቅ ፋብሪካ ነበር። ስሙ ይቅር። የመጀመሪያ ቀን ቱታ ሲሰጡኝ ደስታዬን አልቻልኩትም። ከዚያ አራት ወር ወለል ጠረግኩ። ፍቅፋቂ በበርሜል አወጣሁ። ሻይ አመላለስኩ። «ማሽኑ ውድ ነው፣ ትሰብረዋለህ» ብለው አንድ ቀን እንኳ አላስነኩኝም። ሲያልቅ ግን የግምገማ ቅጹን ሞልተው፣ ማኅተም መትተው፣ ከ90 በላይ ሰጡኝ። ያ ወረቀት እስከ ዛሬ ያናድደኛል። ሲኦሲ ስቀመጥ ቻክ (ብረቱን የሚይዘው የቶርኖ መንጋጋ) ላይ ብረት አስሬ ሴንተር ማድረግ፣ ማለትም መሀል ለመሀል እንዲዞር ማድረግ አቃተኝ። ወደቅኩ።

ሙያውን የተማርኩት ከዚያ በኋላ፣ ተክለሃይማኖት አካባቢ ባለች አንዲት ጠባብ ቤት ነው። አንድ ቀን ከወፍጮ ቤት ያለቀ ሻፍት (የሚዞር ዘንግ) መጣ። አለቃዬ በብየዳ ሞልተው ሰጡኝ። የሚገባበት ኩሽኔታ (ሻፍቱን ይዞ የሚያዞረው ቀለበት) ቁጥሩ 6205 ነው። የ6205 ውስጡ 25 ሚሊ፣ ውጪው 52፣ ወርዱ 15 ነው። ያን ቀን ያወቅሁት ነው፣ እስካሁን ከአፌ አልጠፋም። «25 አድርገህ አውጣው» አሉኝ። እየቆረጥኩ፣ እየለካሁ 25.2 ላይ ደረስኩ። 0.2 ቀረኝ ማለት ነው። መቁረጫውን 0.2 አስገብቼ ለቀቅሁት።

ቆጣሪው በአንድ ጎን የሚገባውን ነው የሚያሳየው። ሻፍቱ እየዞረ ስለሆነ ከሁለቱም ጎን ይወርዳል። ስለካው 24.8! ኩሽኔታው ሹልክ ብሎ ገባ። አለቃዬ አልጮሁብኝም። ኩሽኔታውን በሁለት ጣታቸው ይዘው ሻፍቱ ላይ እያወዛወዙ «ይሄ ወፍጮ ስንት ቀን ይፈጫል?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። እንደገና በየዱት፣ እንደገና ሰጡኝ። «እስኪቀዘቅዝ ጠብቅ፣ ትኩስ ብረት ልክህን ይዋሽሃል» አሉ። በሁለተኛው ኩሽኔታው በቧንቧ ተደግፎ ቀስ በቀስ እየተመታ ገባ። ሲገባ የሚያሰማው ድምፅ ይለወጣል። ልክ ሲሆን ድምፁ ራሱ ይነግርሃል።

አየህ፣ እኚያ ሰው በእኔ ስህተት የግማሽ ቀን ሥራና ኤሌክትሮድ ከስረዋል። አንተ መፈለግ ያለብህ እንዲህ ያለውን ኪሳራ የሚችልልህን ሰው ነው። ስለዚህ ስለ ማሽኑ አዲስነት አትጠይቅ። ጠዋት ሂድና አንድ ሰዓት ቁም። እዚያ ያሉትን ተለማማጆች እጅ ተመልከት። ካሊፐር (የልክ መለኪያ) ነው የያዙት ወይስ መጥረጊያ? አንዱን ለብቻው ጠጋ ብለህ «ባለፈው ሳምንት ምን ሠራህ?» በለው። የሠራውን ዕቃ ከነልኩ ከነገረህ እዚያ ግባ። መጥረግ ነውር አይደለም፣ የሠራበትን ማሽን ማጽዳት የሙያው ክብር ነው። አራት ወር መጥረግ ብቻ ከሆነ ግን ዕድሜህን ነው የሚወስዱት።

ጥገና ክፍል ያለች፦

ወንድሜ 22 ዓመት፣ ያልከው ገብቶኛል። ፋብሪካ ሁሉ ግን አንድ አይደለም። እኔ የተማርኩት ፋብሪካ ውስጥ ነው። ድሮዊንግ (ልክ የተጻፈበት የዕቃ ንድፍ) ማንበብ፣ ቶለራንስ (የሚፈቀድ የልክ ልዩነት)፣ ማሽን ከመነካቱ በፊት ብሬከሩን አጥፍቶ መቆለፍ፣ ይሄን ሁሉ እዚያ ነው ያገኘሁት። ትንሽ ቤት ደንበኛው የተሰበረውን ዕቃ ይዞ መጥቶ «እንደዚህ አውጣልኝ» ነው የሚለው። ድሮዊንግ ስንት ጊዜ ታያለህ?

የሳሪሱ ልጅ፣ ፋብሪካውን ሁለት ነገር ጠይቃቸው። የሚያሠራኝ ሰው ማን ነው? የትኛው ማሽን ላይ ስንት ሳምንት እቆያለሁ? ጽፈው ከሰጡህ ምሳውንም ሰርቪሱንም ያዝ፣ የእናትህን ኪስ አትጉዳ።

የትም ብትገባ ግን መነጽር አድርግ። አብሮኝ የተማረ ልጅ ያለ መነጽር ግራይንደር ሲይዝ ዓይኑ ውስጥ ብረት ገባ። ሆስፒታል ነው ያወጡለት። ዓይኑ ተርፏል፣ እኔ ግን ያን ቀን የጮኸውን አልረሳም። ቶርኖ ላይ ጓንት አታድርግ። እጅጌህን ሰብስብ። የቻኩን ቁልፍ ቻኩ ላይ ትተህ እንዳታስነሳ።

የሳሪሱ ልጅ፣ ከ9 ቀን በኋላ፦

እግዜር ይስጥልኝ። እንዳላችሁኝ ሁለቱም ቦታ ሄጄ ቆምኩ።

ፋብሪካው ሁለት ተለማማጆች አሉት። አንደኛውን ምን እንደሠራ ጠየቅኩት። «ኢንጂነሩ ሲመቸው ያሳየናል» አለኝ። ከገባ አምስተኛ ሳምንቱ ነው። የእህቴን ሁለት ጥያቄ ለኃላፊው አቀረብኩ። «እሱን ከገባህ በኋላ እናየዋለን» አሉኝ።

መርካቶ ስደርስ አንድ የእኔ እኩያ ቶርኖው ላይ ነበር። እሱን ሳልጠይቅ ጋሼ እኔን ጠየቁኝ። «ለ12 ቡሎን ጥርስ ልታወጣ ነው፣ በስንት ትበሳለህ?» አሉ። 10.2 አልኩ። ፒቹንም (ከጥርስ ጥርስ ያለውን ርቀት) ጠየቁኝ፣ 1.75 አልኩ። ምንም ሳይሉ ሞረድና ቁራጭ ብረት ሰጡኝ። «ሁለቱን ጎን 90 ዲግሪ አድርገው» አሉ። አንድ ሰዓት ተኩል ሞረድኩ። ስኳድራውን (የ90 ዲግሪ መለኪያውን) አስደግፈው ወደ በሩ ብርሃን አንስተው አዩት። መሀሉ ላይ ቀጭን ብርሃን ያሳልፋል። ለእኔም አሳዩኝ። «ነገ ትጨርሰዋለህ» አሉኝ። በቃ፣ እዚያ ገባሁ።

የታክሲውን ነገር አጎቴ ፈታው። ቅዳሜና እሁድ ከሠራሁለት የሳምንቱን ትራንስፖርት ይችላል። መነጽር ገዝቻለሁ። እህቴ፣ የድሮዊንጉ ነገር ግን አሳስቦኛል። ማታ ማታ ቤት ሆኜ ከምን ልጀምር?

ጥገና ክፍል ያለች፦

ጎሽ! ቀን ከሠራኸው ዕቃ ጀምር። ማታ የዚያኑ ዕቃ ፊቱን፣ ላዩንና ጎኑን በወረቀት ሣለው። ልኩን ሁሉ ጻፍበት። ጠዋት ወረቀቱን ለዚያ እኩያህ ስጠውና አንተን ሳይጠይቅ ዕቃውን ማውጣት ይችል እንደሆነ እይ። የጎደለውን ልክ እሱ ይነግርሃል። የመጀመሪያውን ስትጨርስ ፎቶ አንስተህ እዚህ ለጥፈው፣ አየዋለሁ።