የልጄን ደረት ከጨረር ማዳን ይቻል ይሆን?

የ11 ዓመት ልጄን ሆጅኪን ሊምፎማ የሚባል የሊምፍ ዕጢ ካንሰር ይዟታል። ደረጃ 2 ነው፤ አንገቷና ደረቷ ላይ። ዶክሶሩቢሲን፣ ብሊዮማይሲን፣ ቪንብላስቲንና ዳካርባዚን የተባሉ የኬሞ መድኃኒቶችን ሁለት ዙር ወስዳለች። ትኩሳቱና የሌሊት ላቡ ጠፍቷል፣ ተመስገን። የአንገቷም ንፍፊት ሟሟ። ሲቲ ስካኑ ግን ደረቷ ውስጥ የቀረ እብጠት አሳየ። ካንሰር ይሁን ጠባሳ ሲቲው አይለይም። ይህን ለመለየት የሚረዳውን ፔት ስካን የተባለ ምርመራ ፈልገን አላገኘንም።

ሐኪሟ ከኬሞው በኋላ የደረት ጨረር አስበዋል። የልብ አልትራሳውንዷ አሁን ደህና ነው። ግን ዶክሶሩቢሲንም ጨረርም ልብን ሊጎዱ ይችላሉ። ለሴት ልጅ ደግሞ የደረት ጨረር ከዓመታት በኋላ የጡት ካንሰር ስጋትን ይጨምራል። መዳኗ ይቀድማል፣ እሱ ላይ አልደራደርም። ሆኖም ገና ብዙ ዕድሜ ከፊቷ አለ።

ፔት ስካን በሌለበት፣ ጨረሩን መተው ወይም መጠኑን መቀነስ እንደሚቻል ሐኪሞች በምን አይተው ይወስናሉ?