«ባዶ በረሃ» ስትሉ ማንን ነው?

የዲሞና ልጅ፦ ትናንት አንዱ እዚህ «ነገቭ፣ የእስራኤል ደቡብ በረሃ ላይ፣ የጦሩ ተኩስ መለማመጃ ባዶ በረሃ ነው፣ ካርታው ላይ ምን እንዲሣልልህ ነው የምትፈልገው?» ብሎ ጻፈ። አናደደኝ። እዚያው ነገቭ፣ ጸአሊም የሚባለው የጦሩ ማሠልጠኛ ሠልጥኛለሁ። 1 ለ50,000 ካርታ ይዘህ ሌሊት ስትሄድ ኮንቱሩ፣ ከፍታ የሚያሳየው መስመር፣ አይዋሽህም። መስመሮቹ ከተጠጋጉ ገደል ነው፣ ትዞራለህ። አንድ ሌሊት ግን ካርታው ሜዳ ነው ያለው ቦታ ላይ የፍየል በረት ውስጥ ገባሁ። ቆርቆሮ ቤት፣ የውሃ ታንከር፣ የሚያለቅስ ሕፃን። ካርታው ላይ አንዲት ነጥብ እንኳ የለም።

ሻምበል፦ የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ አሁንም እላለሁ። ለወታደር ቁልቁለቱን፣ ዋዲውን (ደረቁን ወንዝ)፣ ታንክ የሚያልፍበትን አሳየው፣ ይበቃዋል። ዛሬ ተተክሎ ነገ የሚነሳ ድንኳን ማን እየተከታተለ ይሥላል?

ሚሪ፦ «ነገ የሚነሳ»? መንግሥት ዕውቅና ያልሰጣቸው የቤዱዊን፣ የበረሃው ዐረቦች፣ መንደሮች 35 ገደማ ናቸው። አንዳንዶቹ እስራኤል ከተመሠረተችበት ከ1948 (እ.ኤ.አ.) በፊት የነበሩ፣ ሌሎቹን ከመሬታቸው አንስቶ እዚያ ያሰፈራቸው ራሱ ጦሩ ነው። አይረን ዶም፣ ሮኬት አየር ላይ የሚያከሽፈው መሣሪያ፣ ደግሞ ክፍት ቦታ ላይ የሚወድቅ ሮኬት አይመታም፤ እነዚህ መንደሮች ደግሞ እንደ ክፍት ቦታ ተቆጥረው ነበር። በ2014 (እ.ኤ.አ.) እዚያው ነገቭ ውስጥ ዲሞና ከተማ አጠገብ አንድ ቤዱዊን በሮኬት ሞቷል። ባዶ ስትል ይኼንን አስብ።

ሻምበል፦ እህቴ፣ የእኔ ልጅ ዛሬም ሚሉኢም (የተጠባባቂ ጦር አገልግሎት) ላይ ነው፣ ጦሩን አታሳጪብኝ። ቀለሃ ሊለቅሙ መለማመጃው ገብተው ያልፈነዳ ነገር የሚነኩት ቤዱዊኖችስ? ካርታ ላይ ብትሥያቸው ይቀራል?

የዲሞና ልጅ፦ ማን አሳጣ? እኔም የጦሩ ልጅ ነኝ። መድፍ የሚተኩሰው ልጅ ከፊቱ ቤት እንዳለ ይወቅ ነው የምለው።

ጋሽ ተመልካች፦ እንግሊዞች በ1914 (እ.ኤ.አ.) ነገቭን ካርታ ያነሱት የጥንት ፍርስራሽ እናጠናለን ብለው ነው። ካፒቴን ኒውኮምብ መሪ፣ የጥንት ፍርስራሽ አጥኚው ላውረንስ፣ ኋላ «የዐረቢያው ላውረንስ» የተባለው፣ ደግሞ ለሽፋን። የፈለጉት ለጦርነት መንገድና የውሃ ጉድጓድ ነበር። ጉድጓዱን ማን ቆፈረው ታዲያ? ባዶ በረሃ?

ሻምበል፦ ጋሼ፣ 1914ን ምን አመጣው? ባዶ ያልኩት ለጦሩ ሥራ ነው እንጂ ሰው የለም አላልኩም።

ሚሪ፦ ብለሃል። ከላይ ተጽፏል፣ አንብበው።

የዲሞና ልጅ፦ ሕፃኑ ሲያለቅስ የሰማው ጦር እኔ ነበርኩ፣ ሻምበል።

ሻምበል፦ እሺ፣ የት ጋ ነበር? ከ222 ቁጥር መንገድ በደቡብ ነው በሰሜን? በሰሜን ከሆነ እኮ መለማመጃው ውስጥ ላይሆን ይችላል።