አንዱ ዴስክቶፕ አይፒ (የኔትወርክ አድራሻ) አልቀበልም አለኝ፣ እርዱኝ

ሰላም ወገኖች! ፍኖተ ሰላም ውስጥ ትንሽ የኮምፒውተር ጽሑፍና የፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ። መብራት ሄዶ ከመጣ ወዲህ አንዱ ዴስክቶፕ፣ ያውም ደንበኛ የሚሰለፍበት፣ ኢንተርኔት አልገባም ብሏል። ዊንዶውስ 10 ነው፣ በኬብል ነው የሚገናኘው።

አይፒኮንፊግ (አድራሻውን የሚያሳየው ትእዛዝ) ስለው በ169.254 የሚጀምር አድራሻ ያወጣል። ይሄ እንግዲህ ማሽኑ ከዲኤችሲፒ (ራውተሩ ላይ ሆኖ አይፒ ከሚያድለው) መልስ ሲያጣ ለራሱ የሚሰጠው ነው። ግን ያንኑ ኬብል ነቅዬ ላፕቶፕ ላይ ስሰካው ወዲያው 192.168.1 ብሎ ይይዛል፣ ስለዚህ "ኬብሉን ቀይር" የምትሉኝ ይቅርባችሁ። ሪሊዝና ሪኒው ብያለሁ (አድራሻውን አስለቅቄ እንደ አዲስ አስጠይቄያለሁ)፣ የኔትወርክ ካርዱን ድራይቨርም አጥፍቼ እንደገና ጭኛለሁ፣ ወይ ፍንክች!

ሰርቪስ ውስጥ ገብቼ ሳይ ዲኤችሲፒ ክላየንት የሚለው (ከራውተሩ አይፒ የሚጠይቀው) ቆሟል። ስታርት ስለው ኤረር 5፣ አክሰስ ዲናይድ (ፈቃድ የለህም) ይለኛል፤ በአድሚን አካውንት ገብቼ እኮ ነው።

በእጄ አይፒውን 192.168.1.50፣ ማስኩን 255.255.255.0፣ ጌትዌዩን 192.168.1.1፣ ዲኤንኤሱን 8.8.8.8 ብዬ ስሞላለት ነፍስ ይዘራል። ፕሪንተሩም ይታያል። ችግሩ፣ ዋይፋይ የሚጠቀም ደንበኛ ሲበዛ ራውተሩ ያንኑ 50 ለአንዱ ስልክ ይሰጠውና አይፒ ኮንፍሊክት ብሎ ይቆራረጣል። የራውተሩን ፓስወርድ የሚያውቀው ያስገባልን ልጅ ነው፣ እሱ ደግሞ ስልክ አያነሳም።

ሰርቪሱን የሚያስነሳ መላ አላችሁ? ፎርማት አድርገው እንዳትሉኝ ብቻ፣ የሰው መመረቂያ ጽሑፍ ሞልቶበታል። ካልሆነም ከራውተሩ ጋር የማይጋጭ አይፒ እንዴት እንደምመርጥ ንገሩኝ።