ክሬዎን ሕግ አስከበረ ወይስ እልሁን ተወጣ?

ደረቅ ሐቅ፦ ትናንት አንዱ «ክሬዎን ሕግ አስከበረ እንጂ ምን አጠፋ?» ብሎ እዚህ ሲለጥፍ ላይክ ጎረፈለት። ንጉሡ ክሬዎን እንዳይቀበር የከለከለውን ወንድሟን ስለቀበረችው ልጅ የምታወራውን፣ የጥንቱን ግሪካዊ የሶፎክልስን ቴአትር «አንቲጎኔ»ን አንብባችኋታል ወይስ ወሬዋን ነው የሰማችሁት?

ቆቅ፦ «አንዱ» እኔ ነኝ። ያ ወንድሟ ፖሊኔይኬስ የሌላ ከተማ፣ የአርጎስን ጦር ይዞ የገዛ አገሩን ቴብስን ሊያቃጥል መጣ። ሌላው ወንድሟ ኤቴዎክልስ ከተማውን ሲከላከል ሞተ። ሁለቱን እኩል ቅበር ነው የምትለኝ? አቴናውያንም ከሃዲን በአገራቸው በአቲካ አፈር አይቀብሩም ነበር። በክህደት የተከሰሰው የጦር መሪያቸው የቴሚስቶክልስ አጽም እንኳ በድብቅ ገባ ነው የሚባለው።

የማታ አንባቢ፦ በአቲካ አፈር! ክሬዎን ግን የትም እንዳይቀበር፣ ውሻና አሞራ እንዲበላው ነው ያወጀው።

ደረቅ ሐቅ፦ «ሕግ አስከበረ» እኮ ነው የሚለን! አዋጁ ቅጣቱ በአደባባይ መወገር ነው ይላል። አንቲጎኔ ስትያዝ ግን ራሱ ቀየረውና ትንሽ ምግብ አስይዞ ዋሻ ዘጋባት። ከተማው በደሟ እንዳይረክስ ነው አሉ። ታዲያ የቱን ሕግ አስከበረ?

ቆቅ፦ አቀለለላት እኮ።

ደረቅ ሐቅ፦ በቁም መቅበር ማቅለል ሆነ!

የእማማ ልጅ፦ እናንተም ቤተሰብ ቤተሰብ አታብዙ። ለባል ወይም ለልጅ ብዬ አዋጅ አልጥስም ነበር ያለችው አንቲጎኔ ራሷ ናት። ጀርመናዊው ደራሲ ጎተ እንኳ ያ ንግግር የሶፎክልስ ባልሆነ ብሎ ተመኝቷል።

የማታ አንባቢ፦ አሪስቶትል የሶፎክልስ ብሎ ጠቅሶታል። ጎተ ካፈረበት የራሱ ጉዳይ። እናት አባቷ ሞተዋል፣ ሌላ ወንድም ከየት ታመጣለች?

የእማማ ልጅ፦ ኢስመኔስ? በሕይወት ያለች እህቷ አብሬሽ ልሙት ስትላት አመናጨቀቻት። ለሬሳ የሳሳች ለቆመ ሰው አልሳሳችም።

ዝምተኛው፦ ከሁሉም የክሬዎን ልጅ ሄሞን ይሻላል። የአንድ ሰው ብቻ የሆነ ከተማ ከተማ አይደለም ብሎ አባቱን ፊት ለፊት ነገረው።

ቆቅ፦ እጮኛዋ ነዋ! ምን እንዲል ጠበቅክ?

ዝምተኛው፦ ሕዝቡ በየጓዳው ያለቅስላታልም ብሏል። ሕዝቡም እጮኛዋ ነው?

ቆቅ፦ ክሬዎን ኋላ ተጸጽቶ ሊያወጣት ሄዷል። ያን አትቆጥሩለትም?

ደረቅ ሐቅ፦ ሽማግሌዎቹ ልጅቷን አውጣ፣ ከዚያ ሬሳውን ቅበር አሉት። እሱ ገልብጦ ሬሳውን አስቀደመ። ሲደርስ ታንቃ አገኛት። አሁን መልስልኝ፤ ውግራቱን ማን ሻረው?

ቆቅ፦ ንጉሥ የገዛ አዋጁን መለወጥ ይችላል።

ደረቅ ሐቅ፦ ጎሽ! እንግዲያው ከነጭራሹ ሊተወውም ይችል ነበር።

ቆቅ፦ ጠላት በሸሸ ማግስት? አንተን ባነገሡህ እል ነበር፤ ግን ቴብስ ምን በወጣት!