የግንቦቱ የባሕር ዳርቻ ጉዞ፦ ለጉባኤው የሚቀርበውን ሐሳብ አብረን እንጻፈው

ሰብሳቢ፦
ሰላም ለሁላችሁም፣ የዲሲ ማኅበራችን አባላት። ባለፈው ስብሰባ አንድ እናት "እኛ የምንገናኘው ለቅሶ ላይ ብቻ ሆነ እኮ" ያሉት ብዙዎቻችንን ነክቷል። በግንቦት አብረን ወደ ካሪቢያን ባሕር ዳርቻ እንጓዝ የሚለው ሐሳብ የመጣው ከዚያ ነው። ለጠቅላላ ጉባኤው አንድ ገጽ ማቅረብ ስላለብን እዚሁ እየተነጋገርን እናዘጋጀው። እስካሁን ባሃማስ በመርከብ፣ ጃማይካና ፖርቶ ሪኮ ተጠቅሰዋል።

ከወዲሁ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ስልካችን ላይ የምናየው ባሕር ሁሌም ጥርት ያለ ነው፣ ሰውም የለበትም። እኛ ግን ጉልበታቸውን የሚያማቸው እናቶችና ገና እየዳሁ ያሉ ሕፃናት ይዘን ነው የምንሄደው። የምንጽፈው ነገር እዚያ ስንደርስ በእርግጥ የምናገኘው ይሁን። ትርፍ ሰዓት እየሠሩ ገንዘብ ያጠራቀሙ ሰዎች ናቸው የሚያምኑን።

ጋሼ (ከሽማግሌዎች)፦
ጃማይካን ያነሣሁት እኔ ነኝ። ሚያዝያ 13 ቀን 1958 ዓ.ም. ጃንሆይ ኪንግስተን ሲያርፉ ሕዝቡ የጥበቃውን መስመር ጥሶ አውሮፕላኑን ከበበው። ቶሎ መውረድ እንኳ አልቻሉም። ራስ ተፈሪያውያን ያን ቀን እስከ ዛሬ ያከብሩታል። ለእኔ ዕድሜ ሰው ያ አገር ትልቅ ትርጉም አለው። እስቲ አስቡበት።

ጸሐፊ፦
ጋሼ፣ እርስዎ ያሉት እውነት ነው፤ ለዚያም ነው ጃማይካ ለብቻው ጉዞ የሚገባው። በአንድ የባሕር ዳርቻ ቀን ሸርፈን ብናየው ያሳዝናል። ለሚቀጥለው ዓመት በራሱ አጀንዳ ይያዝ እላለሁ።

ሌላው ምክንያቴ ወረቀት ነው። የጥገኝነት ማመልከቻቸው ገና ያላለቀ አባላት አሉን። ባሃማስም ጃማይካም የውጭ አገር ናቸው። እነሱ ያለ ቅድሚያ ፈቃድ ከአሜሪካ ቢወጡ ማመልከቻቸውን እንደተዉት ሊቆጠርባቸው ይችላል። ፖርቶ ሪኮ ግን እ.ኤ.አ. ከ1898 ጀምሮ በአሜሪካ ሥር ያለች ግዛት ናት። ከዲሲ የሚደረገው በረራ የአገር ውስጥ በረራ ነው፣ በቀጥታ አራት ሰዓት ያህል ይወስዳል። ገንዘቡም ዶላር ነው። ለአየር ማረፊያው ፍተሻ ሪል አይዲ የሚባለው፣ የፌዴራሉን መሥፈርት ያሟላ መንጃ ፈቃድ ይበቃል፤ ፓስፖርትና የሥራ ፈቃድ ካርድም ይሠራሉ። እንደዚያም ሆኖ ጉዳዩ ያላለቀ ሰው ጠበቃውን ሳያናግር ትኬት እንዳይቆርጥ በሐሳቡ ላይ በጉልህ እንጻፍ።

ሰብሳቢ፦
ተቃውሞ ከሌለ ፖርቶ ሪኮን እንያዝ። ጃማይካ ለከርሞ በአጀንዳ ይመዝገብ። ጋሼ፣ ያንን አጀንዳ እርስዎ ቢያዘጋጁልንስ?

ጋሼ፦
በደስታ።

ከወጣቶች ክፍል፦
ፖርቶ ሪኮ ከሆነ ኩሌብራ እንሂድ! ፍላሜንኮ የሚባለው የባሕር ዳርቻ በዓለም ምርጥ ከሚባሉት ውስጥ ስሙ አይጠፋም። አሸዋው ነጭ ነው፣ ባሕሩ ግማሽ ክብ ሠርቶ ይገባል። ዳር ላይ ደግሞ ሰው ቀለም የቀባባቸው የዛጉ ታንኮች አሉ። የአሜሪካ ባሕር ኃይል ደሴቷን ለዓመታት መተኮሻ አድርጓት ነበር፤ ነዋሪዎቹ ተቃውመው ተኩሱ እ.ኤ.አ. በ1975 ቆመ። ልጆቹ ታሪክም ይማሩበታል።

ሹፌሩ አባል፦
ወንድሜ፣ ቦታው ውብ ነው፤ ከባለቤቴ ጋር ሄጄ አይቼዋለሁ። ግን መንገዱን ልንገራችሁና እናንተው ፍረዱ።

ኩሌብራ ራሷን የቻለች ትንሽ ደሴት ናት። ከፖርቶ ሪኮ ዋና ከተማ ከሳን ሁዋን ተነሥተህ ሴይባ ወደሚባለው ወደብ በመኪና ከአንድ ሰዓት በላይ ትሄዳለህ። ጀልባው ከመነሣቱ ብዙ ቀድመህ መድረስ አለብህ፤ ስለዚህ ጎህ ሳይቀድ ነው የምትነሣው። ጀልባው በደህና ቀን ሦስት ሩብ ሰዓት ያህል ይወስዳል። ዋጋው ጥቂት ዶላር ነው፣ በዚህ ምክንያት ቶሎ ያልቃል። ቅድሚያውም ለደሴቷ ነዋሪዎች ነው። ይህ ትክክል ይመስለኛል፤ ለእነሱ ጀልባው ሐኪም ቤት መሄጃቸውና አስቤዛ ማምጫቸው ነው። የተከራየነውን መኪና ማሻገር አይቻልም። ከወደቡ እስከ ፍላሜንኮ በሚኒባስ ነው። ስትመለስም ያው ሰልፍ አለ። ባሕሩ ከተቆጣ ደግሞ ጀልባው ይዘገያል ወይም ይቀራል።

ሲደመር ቀኑን ሙሉ ደክመህ አሸዋው ላይ የምትቆየው አራት ወይም አምስት ሰዓት ነው። ለሁለት ወጣቶች ምንም አይደለም። ለእናቶቻችንና ለሕፃናቱ ግን ይከብዳል። በአንድ ጀልባ ለሁላችን ቦታ ማግኘታችንም አያስተማምንም።

ከወጣቶች ክፍል፦
ታዲያ ምን ይሻላል? ያን ሁሉ መንገድ በርረን ሆቴሉ ፊት ለፊት ያለው ባሕር ላይ እንቀመጥ?

ሹፌሩ አባል፦
ሉኪዮ እንሂድ። ከሳን ሁዋን በስተምሥራቅ መንገዱ ካልተዘጋጋ አርባ አምስት ደቂቃ ነው። አውቶቡሱ ባሕሩ አጠገብ ያወርደናል። ከፊቱ ያለው የኮራል ድንጋይ ማዕበሉን ስለሚሰብረው ውኃው ዝግ ያለ ነው። የኮኮናት ዛፎች ጥላ አላቸው። መታጠቢያና መጸዳጃ ቤት አለ። አለፍ ብሎ የምግብ ኪዮስኮች ተደርድረዋል። የደከመው አውቶቡስ ውስጥ ገብቶ ጋደም ማለት ይችላል።

ያልሆነውን ግን አልልም። ውኃው እንደ ፍላሜንኮ አይጠራም። ቅዳሜና እሑድ የአገሩ ሰው ከነቤተሰቡ፣ ከነሙዚቃው ይወጣል። ጸጥታ የሚፈልግ ሰው ይህን አውቆ ይምጣ። እኔ በበኩሌ ዓርብን እመርጣለሁ።

ነርሷ አባል፦
ቦታውን እናንተ ጨርሱት፤ እኔ ስለ ውኃው ልናገር። ይህን ክፍል ማንም እንዲያሳጥርብኝ አልፈልግም።

ብዙዎቻችን ዋና አንችልም። ደገኛ ነን፣ አብዛኞቻችን ከባሕር ርቀን ነው ያደግነው። ልጆቻችን ደግሞ እዚህ ገንዳ ውስጥ ተምረው ዋናተኛ ነን ይላሉ። ገንዳ ግን አይጎትትም። ባሕር ዳር ላይ የተሰበረው ማዕበል ተመልሶ ወደ ጥልቁ ሲሄድ በጠባብ መስመር ይፈጥናል፤ ሰውም ይዞ ይሄዳል። ብዙ ጊዜ ያ መስመር ማዕበሉ ጎልቶ የማይሰበርበት፣ ሲያዩት ረጋ ያለ የሚመስለው ቦታ ነው። የማያውቅ ሰው "እዚህ ይሻላል" ብሎ የሚገባው እዚያ ነው። ወደ ዳር በቀጥታ ልዋኝ ብሎ ሲታገል ጉልበቱ ያልቃል። መደረግ ያለበት አለመታገል፣ መንሳፈፍ፣ እጅ አንሥቶ እርዳታ መጥራት ነው፤ የሚችል ሰው ከባሕሩ ዳር ጋር ጎን ለጎን እየዋኘ ከመስመሩ ይወጣል። ሌላው ሰው ደግሞ ለማዳን ብሎ ባዶ እጁን እንዳይገባ። የሚንሳፈፍ ነገር ይወርውርለት፣ 911 ይደውል።

በፖርቶ ሪኮ አብዛኛው የባሕር ዳርቻ የዋና ጠባቂ የለውም። ስለዚህ ጠባቂዎቹ እኛው ነን። የምጠይቀው ይህን ነው። ዋና የማይችል ሰው ከወገቡ በላይ አይግባ። ለእያንዳንዱ ሕፃን እጁን ዘርግቶ የሚደርስበት አንድ አዋቂ ይመደብ፤ ተረኛው ስልክ አይንካ፣ በየግማሽ ሰዓቱ ይቀየር። ላይፍ ጃኬት በልጁ ክብደት ልክ ይገዛ። በአየር የሚነፋ መጫወቻ ነፍስ አያድንም፤ ነፋስ ከመጣ ልጁን ይዞ ነው የሚርቀው። በሙሉ ልብስ መግባት የምትፈልጉ እህቶች ለዋና የተሠራውን ሙሉ ልብስ ግዙ፤ ጥጥ ቀሚስና ጂንስ ውኃ ሲጠጡ ወደ ታች ይስባሉ።

ፀሐይን በተመለከተ፣ ጥቁር ቆዳም ይቃጠላል። ሰንስክሪን በየሁለት ሰዓቱና ከውኃ በወጣችሁ ቁጥር። ኢንሱሊን የምትወስዱ በቀዝቃዛ ቦርሳ ያዙ። የደም ግፊት መድኃኒታችሁ ሽንት የሚያበዛ ከሆነ ለሙቀቱ ሐኪማችሁን አስቀድማችሁ ጠይቁ።

አንዲት እናት፦
ልጄ፣ እግዜር ይስጥሽ። እኔ ባሕሩን ቁጭ ብዬ ባየው ይበቃኛል፤ የመጣሁት ከእናንተ ጋር ልውል ነው። የምትቀመጥበት ወንበር ግን ጀርባ ያለው ይሁን።

እትዬ (የምግብ ኮሚቴ)፦
ቀኑ ከፋሲካ በኋላ መሆኑ ግሩም ነው። በበዓለ ሃምሳ ጾም የለም፣ ዓርብም ይበላል። ችግሩ አሳማ ነው። የዚያ አገር ሰው አሳማ ይወዳል። ባቄላው ውስጥ ሳይቀር ይጨምሩታል። ሞፎንጎ የሚባለው የተወቀጠ ሙዝ ብዙ ጊዜ የአሳማ ቆዳ ጥብስ አለበት። ኪዮስክ ላይ ያለው የተጠበሰ ነገር ሸርጣን ሊኖረው ይችላል። አሳማው ለእኛም ለሙስሊም ወንድምና እህቶቻችንም አይሆንም፤ ሸርጣኑንም እኛ አንበላም። የተጠበሰው ጥሬ ሙዝ፣ ቶስቶኔስ የሚሉት፣ ይበላል፤ ግን የተጠበሰበትን ዘይት መጠየቅ ነው።

ስለዚህ ምሳውን እኛ እንያዝ። ማረፊያችን ወጥ ቤት ያለው ይሁን። ድፎ ዳቦ፣ ቆሎና ዳቦ ቆሎ ከዚህ ይሄዳል። ዶሮና ሩዝ እዚያው እናበስላለን፣ በበረዶ ሳጥን ይያዛል። ወጥ ባሕር ዳር አይወሰድ፣ ሙቀቱ ያበላሸዋል። ስትመለሱ ደግሞ ማንጎ ሻንጣ ውስጥ እንዳትከቱ። አየር ማረፊያው ላይ የግብርና ፍተሻ አለ፣ ይወስዱባችኋል።

ገንዘብ ያዥ፦
ትኬትና ማረፊያ እያንዳንዱ በራሱ። የአውቶቡሱን ኪራይና ላይፍ ጃኬቱን ማኅበሩ ቢችል ካዝናው ይፈቅዳል። ጉዞው ቢሰረዝ ምን ያህል ይመለሳል የሚለውን ከመክፈላችን በፊት በጽሑፍ ልቀበል።

ከወጣቶች ክፍል፦
እሺ፣ ሉኪዮን ተቀብያለሁ። አንድ ጥያቄ አለኝ። የባሕር አረምስ? ባለፈው ክረምት የሄዱ ጓደኞቼ ባሕሩ ዳር ቡናማ ሆኖ ነበር ያሉት።

ጸሐፊ፦
ጥሩ ጥያቄ ነው። ሳርጋሶ ይባላል። እ.ኤ.አ. ከ2011 ወዲህ በብዛት ወደ ካሪቢያን ይመጣል፣ በተለይ ከእነሱ ፀደይ እስከ በጋቸው መጨረሻ (ከመጋቢት እስከ ነሐሴ ገደማ)። በነፋስና በሞገድ ስለሚነዳ ዛሬ የሞላው ቦታ ከሳምንት በኋላ ንጹሕ ሊሆን ይችላል። ሲበሰብስ እንደ ተበላሸ እንቁላል ይሸታል፤ አስም ላለበት ሰው ጥሩ አይደለም። የሳውዝ ፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ በሳተላይት እየተከታተለ በየወሩ ያወጣል። እሱን እናያለን፣ ሁለት ቀን ሲቀረን ደግሞ እዚያው ያለ ሰው እንጠይቃለን። የግንቦት ዝናብም አለ፤ ብዙ ጊዜ ከሰዓት መጥቶ የሚያልፍ ነው። የአውሎ ነፋሱ ወቅት የሚጀምረው እ.ኤ.አ. ሰኔ 1 ስለሆነ ከዚያ በፊት ተመልሰናል።

አረሙ ከበዛ ከሉኪዮ ጀርባ ኤል ዩንኬ አለ። በአሜሪካ ብሔራዊ ደኖች ውስጥ ብቸኛው የሐሩር ዝናብ ደን ነው። ላ ኮካ የሚባለው ፏፏቴ ከመንገዱ ዳር ይታያል፤ እናቶቻችን ዳገት መውጣት ሳያስፈልጋቸው ያዩታል።

ከወጣቶች ክፍል፦
ማታ በውስጡ ባሉ ደቃቅ ፍጥረታት የሚያበራው ባሕርስ? ያለበት የፋሃርዶ ከተማ ቅርብ ነው።

ሹፌሩ አባል፦
አብዛኛው ሰው የሚገባው በካያክ፣ በትንሽ መቅዘፊያ ጀልባ ነው። ጨረቃ ካለች ብዙም አይታይም። በስልክ ፎቶ ላይ የሚዞረው ደማቅ ሰማያዊም በዓይን እንደዚያ አይደለም። የሚፈልግ በራሱ ይሂድ፣ ፕሮግራሙ ውስጥ ግን አይግባ።

ጸሐፊ፦
ረቂቁ ይኸው።

"ማኅበሩ በግንቦት ከሐሙስ እስከ እሑድ ወደ ፖርቶ ሪኮ እንዲጓዝ፣ በሜይ መጨረሻ ከሚከበረው ከሜሞሪያል ዴይ ሳምንት በፊት እንዲሆን። ዓርብ ሁላችንም በአንድ አውቶቡስ ሉኪዮ እንውላለን፤ ጠዋት 2 ሰዓት ተነሥተን 10 ሰዓት እንመለሳለን። የሚጠበቀው ዝግ ያለ ውኃ፣ ጥላና አብሮ መዋል ነው። ዝናብ፣ የባሕር አረምና የሰው ብዛት ሊኖር ይችላል። አረሙ ከበዛ ኤል ዩንኬ እንሄዳለን። ቅዳሜ ነጻ ቀን ነው፤ ኩሌብራ መሄድ የሚፈልጉ በራሳቸው ትኬትና ኃላፊነት ይሄዳሉ፣ ጀልባ ቢቀር ማኅበሩ አይጠየቅም። ነርሷ አባላችን የጻፈችው የውኃ ደንብ እንዳለ ይያያዛል፤ ያልፈረመ ወላጅ ልጁን ወደ ውኃ አያስገባም። ምሳ በምግብ ኮሚቴው ይቀርባል። የኢሚግሬሽን ጉዳዩ ያላለቀ አባል ጠበቃውን ሳያማክር ትኬት አይቁረጥ።"

ከወጣቶች ክፍል፦
እሑድ ከሰዓት በረራ ስላለን ኩሌብራ የሚሄደው ሰው ቅዳሜ ማታ መመለሱን ለአንድ ሰው ያሳውቅ የሚል ይጨመር። ዝርዝሩን እኔ እይዛለሁ።

አንዲት እናት፦
ወንበሬስ?

ጸሐፊ፦
ገባ፦ "ጀርባ ያላቸው ወንበሮችና ድንኳን በአውቶቡሱ ይጫናሉ።"

ሰብሳቢ፦
እሑድ ከሰዓት ለጉባኤው ይነበባል። እስከዚያ ድረስ ሁለት ነገር ላኩልኝ፦ ከየቤቱ ዋና የሚችለውንና የማይችለውን፣ የልጆቹንም ክብደት። ላይፍ ጃኬቱን የምናዝዘው በእሱ ነው።