ክርክር፦ የኖታሪ መዝገብ 10 ዓመት ይበቃዋል?

የሲልቨር ስፕሪንጓ፦ ሜሪላንድ ውስጥ ሰው ሲፈርም አይተን የምናረጋግጥ ኖታሪዎች፣ ማን መቼ ምን እንደፈረመ የምንጽፍበትን መዝገብ ከኦክቶበር 2020 ወዲህ 10 ዓመት እንድናቆይ ታዘናል። እኔ ግን ጭራሽ መጣል የለበትም ባይ ነኝ። ወደኔ የሚመጣው ሰው አብዛኛው ለአገር ቤት ውክልና ነው። ቤት ሽጥልኝ፣ ካርታ አውጣልኝ። ጠቡ የሚነሳው ደግሞ ሰውየው ሞቶ ወራሾች ሲሰበሰቡ ነው። ያኔ «አባታችን አልፈረመም» ይመጣል። መልሱ ያለው እኔ ቁም ሳጥን ውስጥ ነው። እናንተስ ምን ትላላችሁ?

የአሌክሳንድሪያው፦ እህቴ፣ ድልድዩን ተሻግረሽ ነይ። ቨርጂኒያ ለወረቀት ፊርማ መዝገብ ያዙ ብሎ አያስገድድም። 5 ዓመት አቆዩ የሚለው ለኤሌክትሮኒክ ፊርማ ብቻ ነው። እስካሁን ሰማይ አልተደፋብንም።

የሲልቨር ስፕሪንጓ፦ ማንም ስላልጠየቀህ ነዋ! ፍርድ ቤት ጠርቶህ «ከ8 ዓመት በፊት ይህችን ሴት አይተሃታል?» ብትባልስ?

የአሌክሳንድሪያው፦ «አላስታውስም» እላለሁ። እውነቱ እሱ አይደል?

የሂውስተኗ፦ እኔን የሚያስፈራኝ ሌላ ነው። መዝገቡ ላይ ስም፣ አድራሻ፣ ፊርማ አለ። ብልጥ ሌባ ቴሌቪዥኑን ትቶ እሱን ነው የሚያነሳው። ቴክሳስ እኮ የመታወቂያ ቁጥር መዝገቡ ላይ እንዳንጽፍ ከልክሎናል። ዕድሜ ልክ ላስቀምጥ የምትይው የደንበኞችሽን ገመና ነው።

የሲያትሉ፦ ደግሞ 10 ዓመቱ የሚቆጠረው ከእያንዳንዱ ፊርማ አይደለም። እኛም ጋ እንደ ሜሪላንድ ነው፤ መዝገቡ ላይ ከሰፈረው ከመጨረሻው ፊርማ ነው የሚጀምረው። እኔ በወር አንዴ ብፈርም ነው። አንዱ መዝገብ 6 ዓመት ከፈጀብኝ የመጀመሪያው ገጽ 16 ዓመት ሊቀመጥ ነው። አይበቃም?

የሕግ ተማሪው፣ ከአዲስ አበባ፦ በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 1845 የውል ክስ በመደበኛው በ10 ዓመት ይርጋ (የክስ ማቅረቢያ ጊዜ ገደብ) ይታገዳል። ከዚያ በኋላ መዝገቡ ለማን ይጠቅማል?

የሲልቨር ስፕሪንጓ፦ ቀጥሎ ያለውን 1846ን አንብበው ወንድሜ። ይርጋው የሚቆጠረው መብቱን መጠየቅ ከሚቻልበት ቀን ነው። ውክልናው የተፈረመበት ቀን ላይሆን ይችላል።

የሕግ ተማሪው፦ እሺ፣ ያዝሽኝ።

ጋሼ (ጡረተኛ ኖታሪ፣ ኦክላንድ)፦ ልጆች፣ ስንት ዓመት የሚለውን ተዉትና ማን ያስቀምጥ በሉ። ካሊፎርኒያ ሥራውን ስትለቁ መዝገቡን በ30 ቀን ውስጥ ለካውንቲው ክለርክ (ለአካባቢው መዝገብ ቤት) ታስረክባላችሁ። እኔ አስረክቤ ተገላግያለሁ። ውክልና ከሆነ የአውራ ጣት አሻራም መዝገቡ ላይ እናስደርግ ነበር። «አልፈረመም» ለሚል ወራሽ ከዚህ የተሻለ መልስ የለም። ታዲያ እዚያም ለዘላለም አይቀመጥም። 10 ዓመት ሙሉ ፈላጊ ካጣ በፍርድ ቤት ትዕዛዝ ሊወገድ ይችላል።

የሲልቨር ስፕሪንጓ፦ አገር ቤት ውልና ማስረጃ ቅጂውን እዚያው ያስቀረዋል። ምነው እዚህም እንደዚያ ቢሆን!

የአሌክሳንድሪያው፦ ክፉ አይንካሽና አንቺ ብትሞቺ ቁም ሳጥኑን ማን ሊከፍተው ነው?

የሲልቨር ስፕሪንጓ፦ ልጄ ባለፈው ቤት ስታጸዳ መዝገቡን አንስታ «ማሚ፣ ይሄ ይጣል?» ብላኛለች። ደንግጬ ነጠቅኳት። እንግዲህ የጋሼ መንገድ ሳይሻል አይቀርም። 10 ዓመቷን ግን አሁንም አልቀበልም።